ወጣት ባለሙያ ለሰፈሩ ምኑ ነው?

ወደ ዛሬው ትምህርታችን ከመግባታችን በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ አንሱና አንድ ነገር ሞክሩ። ከቤታችሁ ወጥታችሁ ሃምሳ እርምጃ ብትሄዱ በምታገኟቸው ቤቶች ውስጥ የሚኖሩትን ወጣት ሠራተኞች ጻፉ። ነርሷን፣ መምህሩን፣ ባንክ ቤት የሚሠራውን፣ መሐንዲሱን። ስማቸውን ታውቃላችሁ? እነሱስ የእናንተን ያውቃሉ? ለቅሶ ሲሆን ድንኳን ውስጥ ታዩአቸዋላችሁ ወይስ ጠዋት ታክሲ ሲጠብቁ ብቻ?

ይህን የምጠይቃችሁ ማንንም ለማሳፈር ብዬ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህን ጥያቄ ለእኔ ያቀረበልኝ ሰው ቢኖር ወረቀቴ ባዶ ይሆን ነበር። ያውም በሶሲዮሎጂ ተመርቄ፣ “ማኅበረሰብ” የሚለውን ቃል በፈተና ወረቀት ላይ ስንት ጊዜ ስተረጉም ኖሬ! የዛሬው ጽሑፍ ያን ባዶ ወረቀት እንዴት መሙላት እንደጀመርኩ የሚተርክ ነው። እናንተም ነገ ተመርቃችሁ ሥራ ትይዛላችሁና ከአሁኑ ብታስቡበት ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ።

ከላይ የሚሰማው ኮቴ

የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ነኝ። የመጀመሪያ ሥራዬ በአዲስ አበባ መሐል ከተማ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ሲሆን፣ ዋናው ተግባሬ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ጀምረው ከክትትል የጠፉ ሰዎችን ማፈላለግና ወደ ሕክምናው እንዲመለሱ መርዳት ነበር። ቤት የተከራየሁት ግን በከተማው ዳርቻ ካሉት የኮንዶሚኒየም መንደሮች በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ታክሲ ተራ እቆማለሁ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ደክሞኝ እገባና በሬን እዘጋለሁ። ቅዳሜና እሁድ ልብሴን አጥቤ ተከታታይ ፊልም ሳይ እውላለሁ። እንዲህ እያልኩ አሥራ አራት ወር ኖርኩ።

አንድ ቀን ከክትትል የጠፉ ታካሚዎች ዝርዝር ደረሰኝ። አድራሻውን እያነበብኩ ስወርድ እጄ ቀጥ አለ። የኔው መንደር ነው። የኔው ብሎክ ነው። ሦስተኛ ፎቅ፣ ልክ ከኔ ቤት ሥር። እኚህ እናት መድኃኒት ካቆሙ አራት ወር ሆኗቸዋል። እኔ በየሰው ሰፈር እየዞርኩ የጠፋ ሰው ስፈልግ፣ ሰው የጠፋው ከእግሬ ሥር ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሙያ ሕግ ላስረዳችሁ። በሥራ ምክንያት ያወቅሁትን የሰው ምስጢር ይዤ ሰፈር መግባት አልችልም። በራቸውን አንኳኩቼ “አውቄአለሁ” ብላቸው በገዛ ቤታቸው ደጅ ላይ መግቢያ ባሳጣቸው ነበር። ስለዚህ ጉዳዩን ለሥራ ባልደረባዬ አስተላለፍኩ። እርሷም በስልክ አግኝታቸው፣ በፈቃዳቸው ተመልሰው መጥተው ሕክምናውን ጀመሩ።

ከሳምንታት በኋላ በጤና ጣቢያው ኮሪደር ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ደነገጥኩ። እርሳቸው ግን አተኩረው አዩኝና፣

“አንቺ የአራተኛ ፎቋ ልጅ አይደለሽም እንዴ?” አሉኝ።

“ነኝ እትዬ።”

“ታዲያ ማታ ማታ ከላይ የምንሰማው ኮቴ ያንቺ ነዋ!”

አሥራ አራት ወር ጎረቤት ሆነን ስንኖር እርሳቸው የኔን ኮቴ ያውቁ ነበር፤ እኔ የእርሳቸውን ምንም አላውቅም።

ያን ቀን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ለምን እንዳቋረጡ ነገሩኝ። ቀድሞ ይኖሩበት የነበረው የመሐል ከተማ ሰፈር ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ጎረቤቱ ሁሉ ተበታተነ። አንዱ ጀሞ፣ አንዱ ሰሚት፣ ሌላው ቱሉ ዲምቱ ገባ። በድሮው ሰፈር ሁለት ልጆቻቸውን የምትይዝላቸው ጎረቤት ነበረች። “አዲሱ ሰፈር ወዳለው ጤና ጣቢያ እንዳልዛወር ሰው ያየኛል ብዬ ፈራሁ። የድሮው ጋ እንዳልመጣ ሁለት ታክሲ ነው፣ ልጆቼን የማስቀምጥበት ሰው የለም። ‘ልጆቼን ያዙልኝ’ ብል ‘የት ልትሄጂ ነው?’ ብለው ይጠይቁኛል። እሱን መመለስ አቃተኝ” አሉኝ።

ውድ ተማሪዎች፣ ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እባካችሁ ያዙልኝ። ወደ እርሷ እንመለሳለን። (ይህን ታሪክ እንድጽፍ እርሳቸው ፈቅደውልኛል። ማንነታቸውን የሚጠቁሙ አንዳንድ ነገሮችን ቀይሬአለሁ።)

መድኃኒት ሲቋረጥ

ለምን እንዲህ እንዳሳሰበኝ እንድትረዱ ጥቂት ስለ ሕክምናው ላንሳ። በአገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። መድኃኒቱ ቫይረሱን ከሰውነት ጨርሶ አያጠፋም፤ እንዳይራባ ግን ያግደዋል። በየቀኑ በሰዓቱ የሚወስድ ሰው ጤናማ ሆኖ ሠርቶ፣ ወልዶ፣ ልጆቹን አሳድጎ ይኖራል። በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ ደርሶ እዚያው ሲቆይ ደግሞ ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። ይህ በሳይንስ የተረጋገጠ ነው።

መድኃኒቱ ሲቋረጥ ግን ቫይረሱ እንደገና መራባት ይጀምራል፣ የሰውነት መከላከያ አቅም ይዳከማል፣ ቫይረሱም መድኃኒቱን ሊለማመድ ይችላል። እንግዲህ አስቡት። እኚህ እናት መድኃኒት አላጡም፤ በነፃ አለ። ዕውቀትም አላጡም፤ ከኔ በላይ ያውቃሉ። ያጡት ጎረቤት ነው።

የቆየ ልማድ፣ የቆየ ጥያቄ

“ጎረቤትነት የሽማግሌዎች ነገር ነው፤ እኛ ዘመናዊ ነን” የሚል ወጣት ካለ ወደ ኋላ መለስ ብሎ ይይ። ዕድር በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በከተሞቻችን ሲስፋፋ ያጠናከሩት ከየገጠሩ ወደ ከተማ የመጡ፣ ዘመድ የሌላቸው ሰዎች ናቸው። ከተማ ውስጥ ብትሞት የሚቀብርህ ማን ነው ለሚለው ጥያቄ መልስ ነበር። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የገባን ወጣቶች ያለንበት ሁኔታ ከዚያ ብዙም አይለይም።

ዕድርም ቢሆን ባለበት የቆመ ነገር አይደለም። በ1990ዎቹ ኤድስ ብዙ ሰው ሲጨርስ የዕድሮች ካዝና በቀብር ወጪ ተራቆተ። በዚህ ጊዜ ብዙ ዕድሮች ቆም ብለው አሰቡ። “ሰው እስኪሞት ጠብቀን ከምናወጣ በሕይወት ሳለ ብናግዘው አይሻልም ወይ?” ብለው መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሻሉ፤ የታመሙትን ቤት ለቤት መጠየቅ፣ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ማስተማር ጀመሩ። የቀብር ማኅበር የነበረው የሕይወት ማኅበር ሆነ ማለት ነው።

የተማረው ወጣትስ? በ1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ እንዲያገለግሉ ይደረግ ነበር። አብዛኞቹም በመምህርነት ይመደቡ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ደርግ የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻን አውጆ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ገጠር አዘመተ። ሁለቱም ግዴታዎች ነበሩ። ሁለቱም ወጣቱን ከሚኖርበት አርቀው የሚልኩ ነበሩ። ዛሬ ማንም አያዘንም። የሚልከን አዋጅ ስለሌለ ታዲያ ከራሳችን ደጅ መጀመር የኛ ፈንታ ሆኗል።

በራሱ ፈቃድ የጀመረ ሰው ምን ሊያደርስ እንደሚችል ለማየት መቄዶንያን መጥቀስ ይበቃል። ቢንያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. ጎዳና ላይ የወደቁ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ማንሳት ሲጀምር የሚረዱት ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬ ማዕከሉ በሺዎች የሚቆጠሩትን ይረዳል። በማዕከሉ ፀጉር የሚያስተካክሉ፣ ገላ የሚያጥቡ፣ የሚያክሙ በጎ ፈቃደኞች ያገለግላሉ። ሁላችንም መቄዶንያ እንመሥርት ማለቴ ግን አይደለም። እኔ የምላችሁ ከዚያ በጣም ያነሰ ነገር ነው።

ሃያ ገጽ ይዤ ሄድኩ

ከኮሪደሩ ጭውውት በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። “አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ” አልኩ። ምን አደረግሁ መሰላችሁ? የተማረ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ጽሑፍ አዘጋጀሁ! ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ መገለል፣ ስለ ማኅበራዊ ትስስር ሃያ ገጽ ጽፌ የብሎኮቹ ዕድር ወርሃዊ ስብሰባ የሚያደርግበት የጋራ መገልገያ ቤት፣ በተለምዶ “ኮሚናል” የምንለው ዘንድ ሄድኩ። ተናገርኩ፣ ተናገርኩ። ሰዎቹ ጨዋ ናቸውና ዝም ብለው አዳመጡኝ። ስጨርስ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሊቀመንበር፣

“ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ጥሩ ተናግረሻል። እኔ የምልሽ፣ ባለፈው ሐሙስ ሠላሳ ሁለት ቁጥር ለቅሶ ነበር፤ አላየንሽም” አሉ።

መልስ አልነበረኝም። ሠላሳ ሁለት ቁጥር የት እንደሆነም አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ልክ ናቸው። እኔ ልናገር እንጂ ልኖር አልመጣሁም። የማይተዋወቁ ሰዎች ስለ መገለል ትምህርት ቢሰጣቸው ምን ዋጋ አለው? መቀራረብ በሌለበት ስለ መገለል የሚነገር ነገር አየር ላይ ይቀራል። በማግሥቱ ሄጄ የዕድሩ አባል ልሁን ብዬ ተመዘገብኩ።

ጋሼ መዝገቡን ሰጡኝ። ጸሐፊው ዓይናቸው ደክሞ መስመር ይሳሳቱ ነበር፤ ስለዚህ ወርሃዊ መዋጮ የከፈለና ያልከፈለን መመዝገብ የኔ ሥራ ሆነ። የሶሲዮሎጂ ምሩቅ የመዋጮ መዝጋቢ! ግን እመኑኝ፣ በዩኒቨርሲቲ ከተማርኩት ይልቅ በዚያ መዝገብ የተማርኩት ይበልጣል። ሦስት ወር ያልከፈለ ሰው ሥራ አጥቶ ይሆናል። ልጅ ልኮ የሚያስከፍል ሰው ታሞ ይሆናል። የሰው ችግር በስብሰባ ላይ አይነገርም፤ በመዝገብ ላይ ግን ይታያል።

የየሰው ሙያ በየፈርጁ

ቀስ በቀስ ሌሎች ወጣቶችም ብቅ አሉ። አንዱን በለቅሶ ቤት፣ አንዱን በውሃ ሰልፍ፣ አንዱን በደረጃ ላይ ነው ያገኘሁት። በትልቅ ስብሰባ የመጣ አንድም የለም። የሒሳብ ሠራተኛው የዕድሩን ገቢና ወጪ በአንድ ቀን ከሰዓት አስተካክሎ፣ ለዓመታት ሲያጨቃጭቅ የነበረውን ጉድለት ከየት እንደመጣ አሳየ። የሰረቀ ሰው አልነበረም፤ የተደገመ ምዝገባ ነበር። ሁለት ቤተሰብ በዚያ ምክንያት ሰላምታ አቁመው ነበርና ታረቁ። ነርሷ በወር አንድ እሁድ የአረጋውያንን የደም ግፊት ትለካለች። የኤሌክትሪክ ባለሙያው ተበላሽቶ የቆመውን የውሃ ፓምፕ አየው። ሁለት መምህራን ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ኮሚናሉ ውስጥ ልጆች ማስጠናት ጀመሩ።

ልብ በሉ፣ ማንም ሙያውን ትቶ ሌላ ሰው አልሆነም። ሳምንቱን ሙሉ በደመወዝ የሚሠራውን ነገር በሳምንት ሁለት ሰዓት ለሰፈሩ ሠራ፤ ይኸው ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ?

ሁሉም ተሳክቷል ማለቴ አይደለም። የአካባቢ ጽዳት ዘመቻ አውጀን በሦስተኛው ሳምንት አምስት ሰው ብቻ ቀረን። አንድ ጊዜ ደግሞ ለአንዲት አሮጊት ጋቢ ስንሰጥ አንዱ ልጅ ፎቶ አንስቶ በስልክ አሰራጨው። አሮጊቷ አፈሩ፤ ጋቢውንም መለሱ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሕግ አወጣን። የሰው ችግር ፎቶ አይነሳም። የማንፈጽመውን ቃል አንገባም። የሰማነውን አናወራም።

ምስጢር የማይጠይቅ እርዳታ

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ዓረፍተ ነገር እንመለስ። “‘የት ልትሄጂ ነው?’ ብለው ይጠይቁኛል። እሱን መመለስ አቃተኝ።”

እኔ በመጀመሪያ ያሰብኩት መፍትሔ ሰፈሩን ስለ ኤች አይ ቪ አስተምሬ እኚህ እናት በግልጽ እንዲናገሩ ማድረግ ነበር። ስህተት ነው። መናገር መብታቸው ነው፤ አለመናገርም መብታቸው ነው። ሰው እርዳታ ለማግኘት ሲል ምስጢሩን መክፈል የለበትም። ጥሩ ሰፈር የሚባለው ሁሉም የሁሉንም ምስጢር የሚያውቅበት አይደለም። ሳይጠይቅ የሚያግዝ ሰፈር ነው።

የቅዳሜው ጥናት ሲለመድ እናቶች ልጆቻቸውን ማምጣትና መውሰድ፣ በዚያውም መተዋወቅ ጀመሩ። ሁለት እማማዎች በራሳቸው ፈቃድ “በሥራ ቀንም ቢሆን ጉዳይ ያላት እናት ልጆቿን ትተውልን” አሉ። አሥረኛና አሥራ አንደኛ ክፍል የሚማሩ ልጆችም ፈረቃቸው በማይሆንበት ሰዓት እማማዎቹን ያግዛሉ። አንዷ ገበያ ትሄዳለች፣ አንዷ ወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ አንዷ ሐኪም ዘንድ። ማን የት እንደሄደ የሚጠይቅ የለም።

አንድ ማክሰኞ ዓመት ፈቃድ ላይ ሆኜ ደረጃውን ስወርድ የሦስተኛ ፎቋ እናት ልጆቻቸውን ለእማማዎቹ ሲያስረክቡ አየሁ። “እስከ ቀትር እመለሳለሁ” አሉ። “ሂጂ፣ በሰላም ግቢ” አሏቸው። በቃ፣ ይኸው ነው። ሌላ ጥያቄ የለም፤ ሌላ መልስም የለም። እኔን አዩኝና በዓይናቸው ሰላም ብለውኝ ወደ ታክሲ ተራ ሄዱ።

ያቺ “በሰላም ግቢ” የምትል ቃል ከሃያ ገጽ ጽሑፌ የበለጠ ሥራ ሠርታለች።

እናንተስ?

“እኛ ገና ተማሪዎች ነን፤ ሙያም ደመወዝም የለንም” ትሉ ይሆናል። ሰፈሬን ያለ እናንተ ዕድሜ እኩዮች ማሰብ አልችልም። ልጆቹን የሚይዙት፣ ለእማማ የስልክ መልእክት የሚያነቡት፣ ለቅሶ ቤት አግዳሚ ወንበር የሚሸከሙት ተማሪዎች ናቸው። ደግሞም በአሥራ ሰባት ዓመቱ የጎረቤቱን ስም የማያውቅ ልጅ፣ በሃያ አምስት ዓመቱ ዲግሪ ስለያዘ ብቻ አያውቅም። በራሴ አይቼዋለሁ።

ስለዚህ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ የሚከተሉትን ሞክሩ።

1. በደረጃችሁ ወይም በግቢያችሁ ያሉትን ሰዎች ሁሉ በስም እወቁ። ስማቸውን ጠርታችሁ ሰላም በሏቸው።

2. በወር አንድ ጊዜ ከወላጆቻችሁ ጋር ዕድር ወይም ለቅሶ ሂዱ። ምንም ሳትናገሩ ማን ምን እንደሚሠራ ተመልከቱ።

3. ከምትችሉት ነገር አንድ ብቻ ምረጡ። ሒሳብ የምትችሉ የአራተኛ ክፍል ልጅ አስጠኑ። በሳምንት ሁለት ሰዓት ይበቃል፤ ትምህርታችሁን አትጉዱ። የጀመራችሁትን ግን አታቋርጡ።

4. ዕድሜአችሁ 18 ሲሞላና ክብደታችሁ 45 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ ደም መለገስ ትችላላችሁ።

5. የሰው ምስጢር ብትሰሙ እናንተ ጋ ይቅር። ጓደኛችሁ መድኃኒት እንደሚወስድ ቢነግራችሁ “ከማን ያዘህ?” አትበሉት፤ “ሰዓቱ ደረሰ?” ብላችሁ አስታውሱት።

ለውይይት

በክበባችሁ ወይም በክፍላችሁ ውስጥ በቡድን ሆናችሁ ተወያዩ።

ሀ. ጸሐፊዋ የጎረቤቷን በር በቀጥታ ያላንኳኳችው ለምንድን ነው? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ለ. በሰፈራችሁ ሰው ሳያፍር፣ ምስጢሩንም ሳይናገር እርዳታ የሚያገኝባቸው መንገዶች የትኞቹ ናቸው? የጎደሉትስ?

ሐ. በመግቢያው ላይ የጻፋችሁትን ወረቀት አውጡ። ስማቸውን ካላወቃችኋቸው ወጣት ሠራተኞች አንዱን ምረጡና እስከሚቀጥለው ሳምንት ተዋውቃችሁ ኑ።

ውድ ተማሪዎች፣ እኔ አሁንም አራተኛ ፎቅ ነኝ። ማታ ስገባ ጫማዬን አውልቄ በነጠላ ጫማ እሄዳለሁ፤ ከሥር የሚተኙ ልጆች እንዳሉ አውቃለሁና። ቸር እንሰንብት!